ጥቁር ያልለበስኩበት የኦስቲያ ኑሮ

ባለቤቴ በሞተ በሁለተኛው ወር ኦስቲያ ገባሁ። ኦስቲያ የሮም ባሕር ናት። ከፒራሚዴ ጣቢያ ባቡር ይያዛል፤ ከተማው ያልቃል፣ ሜዳው ይታለፋል፣ ከዚያ ድንገት አየሩ ጨው ጨው ይላል። እኔ የገባሁበት ሰፈር በባቡሩ መስመር መጨረሻ በኩል ነው። በአንድ ጎኑ ባሕር፣ በሌላው ጎኑ ፒኔታ የሚሉት ትልቅ የጥድ ደን አለ። ጥዶቹ እንደ እኛ ሀገር አይደሉም፤ ግንዳቸው ቀጥ ብሎ ወጥቶ ጫፉ ላይ ብቻ እንደ ጃንጥላ ይዘረጋል። በሥራቸው የእግር መንገዶች አሉ። ሰው ይሮጥባቸዋል፣ ውሻ ያናፍስባቸዋል፣ ብስክሌት ይነዳባቸዋል። ሮማውያን እዚያ ሰፈር ቤት ሊኖራቸው ዕድሜ ልካቸውን ይመኛሉ። እኔ ሳልመኘው ገባሁበት።

ከዚያ በፊት የምንኖረው ፒኜቶ የሚባል የሮም ሰፈር ነበር፤ ባልና ሚስት ብቻ፣ ልጅ አልሰጠንም። ባለቤቴ አንድ ምግብ ቤት ወጥ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። ጥምቀት እንዳለፈ፣ አንድ ቀን ከትራም ወርዶ ወደ ቤት ሲመጣ መንገድ ላይ ልቡ ቆመ። የሰፈሩ ፋርማሲ ሴትዮ ነጭ ጋዋኗን እንደለበሰች ወጥታ፣ አስፋልት ላይ ተንበርክካ ደረቱን ስትጫነው ነበር አሉ። እኔ ሥራ ላይ ነበርኩ። ስደርስ አስፋልቱ ላይ አንድ ጓንት ብቻ ቀርቶ ነበር፤ የእሱም አልነበረም።

ለቅሶ የተቀመጥነው እዚያው ፒኜቶ ቤታችን ነው። የቤተ ክርስቲያን ሰው መጣ፤ በየቤቱ ሠራተኛ የሆኑት ሴቶች ፈቃድ እየጠየቁ መጡ። በመጀመሪያው ቀን ከሥራችን ያሉት ጎረቤት ጣራቸውን በመጥረጊያ እንጨት መቱት። ቀጥሎ በራችንን አንኳኩ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ አልጋ የያዘ ባል አላቸው። «ሲኞራ፣ በጣም አዝናለሁ» አሉኝ፤ «ግን ጩኸቱ...» ከዚያ በኋላ ለቀስተኛው በሹክሹክታ አለቀሰ። አንዷ ሙሾ ልታወርድ አፏን ስትከፍት ሌላዋ «ቀስ፣ ቀስ» እያለች ጉልበቷን ትነካታለች። እኔ ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ሁሉንም አያለሁ። ሰው ሁሉ ድምፁን ሲቀንስ የእኔም አብሮ ቀነሰ፤ ቆይቶም ጭራሽ ጠፋ። ሦስት ቀን ሙሉ ከእኔ ዓይን ጠብ ያለ ነገር የለም። ሴቶቹ «ደንግጣ ነው» ይባባላሉ። የቀበርነው ፕሪማ ፖርታ መቃብር ነው፤ ኦስቲያ ከከተማው ደቡብ ከሆነች፣ ፕሪማ ፖርታ ሰሜን ጫፍ ናት። ብርድ ነበር። አፈሩ ሲጫን የማስታውሰው ጫማዬ ውስጥ ውኃ መግባቱን ነው።

ቤቱን ብቻዬን ልይዘው አልቻልኩም። ፍላጎትም አልነበረኝም። ከቤተ ክርስቲያን የማውቃት አንዲት ጓደኛ አለችኝ፤ ሮም ከገባሁ ጀምሮ እንደ እህት ያየችኝ ሴት ናት። እሷ ናት ሥራውን ያገኘችልኝ፦ ዓይናቸው የደከመ አሮጊት፣ ቋሚ አዳሪ ባዳንቴ፣ አስታማሚ ማለት ነው፣ ይፈልጋሉ፣ ቤቱ ባሕሩ ላይ ነው። የአሮጊቷ ልጅ ጣቢያው አጠገብ አንድ ቡና ቤት ቀጠረችኝ። በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ጸጉሯን አጭር የተቆረጠች፣ ስትናገር ስልኳን የምታገላብጥ ሴት ናት።

«እናቴ ዓይኗ ነው እንጂ ጭንቅላቷ ከእኔም ከአንቺም የተሻለ ነው» አለችኝ። «መራመድ ትወዳለች። በየቀኑ ታስወጫታለሽ። አሎራ፣ እንግዲህ፣ አንድ ነገር ብቻ...» ጥቁር ሹራቤን፣ ጥቁር ቀሚሴን፣ ጥቁር ሻሼን አየች። «እዚያ ቤት ጥቁር ባትለብሺ ደስ ይለኛል። እናቴን ያስፈራታል።»

ለምን ጥቁር እንደለበስኩ አልጠየቀችኝም። እኔም አልነገርኳት። «ቫ ቤኔ»፣ እሺ፣ አልኩ። አሁን ሳስበው ሰው እንዲህ ባለ ነገር ላይ አንድ ቃል ይተነፍሳል። ያኔ ግን ጥቁርም ቢጫም ለእኔ ጨርቅ ነበር። በማግስቱ ፒያሳ ቪቶሪዮ ሄጄ ከመንገድ ዳር ልብስ ገዛሁ፤ አንድ ቢጫ ቀሚስ፣ አንድ አበባ አበባ ያለበት ሸሚዝ፣ አንድ ሰማያዊ ሹራብ። ሻጩ ባንግላዴሻዊ ልብሱን እያጠፈ «ለበዓል ነው?» አለኝ።

«ለሥራ ነው» አልኩት።

ቤቱ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። በረንዳው ላይ ሲቆሙ ባሕሩ ሁሉ ፊት ለፊት ነው፤ በወጥ ቤቱ መስኮት ደግሞ የጥዶቹ አናት እንደ አረንጓዴ ወለል ተዘርግቶ ይታያል። ከላይ ደግሞ ወደ ፊዩሚቺኖ አየር ማረፊያ የሚወርዱ አውሮፕላኖች ጎማቸውን አውጥተው ዝቅ ብለው ያልፋሉ። ሲኞራዋ ትንሽ ሴት ናቸው፤ ነጭ ጸጉራቸውን ወደ ኋላ የሚጠቀልሉ፣ ከደቡብ፣ ከካላብሪያ፣ ከዓሣ አጥማጆች መንደር የመጡ። ብርሃንና ጥላ ይለያሉ፤ የሰው ቅርጽ ይለያሉ፤ ከዚያ ያለፈውን ዓይናቸው አይሰጣቸውም። ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ፊታቸውን ወደ ባሕሩ ያዞራሉ።

«ዛሬ እንዴት ነው?» ይሉኛል።

«ደህና ነው፣ ሲኞራ።»

«ባሕሩን ነው የጠየቅኩሽ! ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

«ሰማያዊ።»

«ምን ዓይነት ሰማያዊ?»

«እንደ ትናንቱ።»

«ትናንትማ ዝናብ ነበር!» ብለው የወንበሩን ክንድ በመዳፋቸው ይመታሉ። «ዓይን ያለሽ አንቺ፣ የማየው እኔ!»

እውነታቸውን ነው። አያለሁ ግን አላይም ነበር። ቀስ በቀስ መልስ መስጠት ተማርኩ። «ዳር ዳሩ ቡናማ ነው፣ ራቅ ብሎ አረንጓዴ፣ መጨረሻው ላይ ጥቁር ሰማያዊ መስመር አለ፤ አንድ መርከብ ቆሟል» እላቸዋለሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ፊታቸው ይፈታል። እኔ የሱፐርማርኬት ዕቃ ቆጥሬ ያስረከብኩ ያህል ነው የሚሰማኝ። ተናግሬ ስጨርስ ገብቼ አልጋ አነጥፋለሁ።

ከቁርስ በኋላ እንወጣለን። በግራ እጃቸው ክንዴን ይይዛሉ፣ በቀኝ ከዘራቸውን። በብርዱ ወራትና በጸደይ በፒኔታው እንሄዳለን። ከመንገዶቹ አንዱ ላይ የጥንት ሮማውያን ያነጠፉት ጥቁር ድንጋይ ከአሸዋው ብቅ ብቅ ይላል። እዚያ ስንደርስ ሲኞራዋ በጫማቸው ጫፍ ድንጋዩን ይፈልጉና «ይኸውና» ይላሉ፤ እንደ ዘመድ ሰላም ይሉታል። የጥድ ፍሬ ሲወድቅ ይሰማሉ፤ ከእኔ ቀድመው። «ስንቅ ወደቀ» ይሉኛል፤ አንስቼ በኪሳቸው እከታለሁ። ሲሞቅ ደግሞ መኪና መንገዱን ተሻግረን፣ በአሸዋ ክምሩ መካከል በተዘረጋው የእንጨት መተላለፊያ አልፈን ነጻው ባሕር ዳር እንወርዳለን። አሸዋው ነጭ አይደለም፤ ጥቁር ግራጫ ነው፤ በበጋ እግር ያቃጥላል። ጫማቸውን አወልቅላቸዋለሁ፣ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ይገባሉ፣ እኔም ቢጫ ቀሚሴን ሰብስቤ አብሬ እገባለሁ። ውኃው ቀዝቃዛ እንደሆነ አውቃለሁ። ግን ቅዝቃዜው ከእግሬ አልፎ ወደ ላይ አይመጣም።

ሰዎች ስልክ ይደውሉልኛል። «ገነት ገብተሻል አሉ!» ይሉኛል። «አዎ፣ ጥሩ ነው» እላለሁ። ማታ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ከሮም ድረስ ሰው ይመጣል፤ የባሕር ዳሩ ግንብ ላይ ተቃቅፎ ተቀምጦ፣ ፎቶ አንስቶ፣ አንዳንዱም አጨብጭቦ ይሄዳል። እኔ በዚያ ሰዓት በረንዳው ላይ ልብስ አሰጣለሁ። አንሶላው አንዳንዴ ቀይ ይሆናል፤ ቀና ስል ሰማዩ ነው። እበላ ነበር፤ እንደውም ወፍሬያለሁ። እተኛ ነበር፤ እንደ ድንጋይ። ያየኝ ሰው «ደህና ነች» ቢል አልተሳሳተም። ዐርባውንም በጸሎት አስበናል፤ ሄጄ ቆሜ፣ ተሳልሜ፣ በባቡር ተመልሻለሁ። ባቡሩ ውስጥ ጎኔ የተቀመጠች ልጅ አይስክሬሟን ቀሚሴ ላይ ጣለችው፤ እናቷ ደንግጣ ስትጠርግልኝ «ምንም አይደል» አልኳት። ምንምም አልነበረም።

በሐምሌ አንድ ሐሙስ ጓደኛዬ መጣች። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በየቤቱ የምንሠራው ሴቶች የምናርፍበት ነው፤ እሷም ከአሠሪዎቿ ቤት ወጥታ ባቡር ይዛ መጣች፤ ሐብሐብ ተሸክማ። ስልክ ላይ «ባሕሩ ዳር ነን፣ ከእንጨቱ መተላለፊያ በስተቀኝ» ብያት ነበር። ሲኞራዋን ጥላ ሥር አስቀምጬ እኔ አጠገባቸው ቆሜ ነበር። ጓደኛዬ ከሩቅ ስትመጣ አየኋት፤ ፈገግ ብላ፣ ሐብሐቡን ከጎን ወደ ጎን እያዛወረች። ስትቀርብ ፈገግታዋ ጠፋ።

«ይኼ ምንድን ነው የለበስሽው?» አለችኝ፤ ሰላም እንኳ ሳትለኝ።

«ልብስ ነው።»

«ቢጫ?»

«ቢጫ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዓመቱ ሳይወጣ? ገና አፈሩ ሳይደርቅ? ቤተ ክርስቲያን ስትመጪ በጥቁር፣ እዚህ ደግሞ በቢጫ? ሰው ቢያይሽ ምን ይላል? እሱስ ምን ይላል?»

«እሱ ምንም አይልም» አልኳት።

ላስቀይማት ብዬ አይደለም። እውነቱን ነው የነገርኳት። እሷ ግን ሐብሐቡን አሸዋው ላይ አስቀምጣ በሁለት እጇ አፏን ያዘች።

ሲኞራዋ አንገታቸውን ወደ ድምፁ አዞሩ። «ምንድን ነው የሚያጣላችሁ?» አሉ። እኔ «ምንም አይደል ሲኞራ» ከማለቴ ጓደኛዬ በጣልያንኛ ተቀበለቻቸው። ጣልያንኛዋ ከእኔ ይሻላል፤ ሃያ ዓመት የኖረች ናት። «ሲኞራ፣ የዚች ሴት ባል የሞተው በጥር ነው። በእኛ ሀገር ሚስት ዓመት ሙሉ ጥቁር ትለብሳለች። እሷ ቢጫ ለብሳ ባሕር ዳር ቆማለች። እሱን ነው የምላት።»

ከኋላችን ልጆች ኳስ ይመታሉ። ሲኞራዋ እጃቸውን ዘርግተው ቀሚሴን ፈለጉ፤ ጨርቁን በሁለት ጣታቸው ይዘው አሻሹት፤ ለቀቁት።

«ቤት እንግባ» አሉ።

ጓደኛዬ ሐብሐቡን ይዛ እስከ ደጁ ሸኘችን። ሊፍቱ በር ላይ ክንዴን ያዘችኝ፣ ሐብሐቡን አስታቀፈችኝና ሄደች።

ሲኞራዋ ወጥ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጠው ከዘራቸውን በጉልበታቸው መካከል አቆሙ። «ባልሽ የሞተው መቼ ነው?»

«ከመምጣቴ በፊት ነው።»

«ምን ያህል በፊት?»

«ብዙም አይደል።»

«እኔ ደግሞ በየጠዋቱ ባሕሩ ምን ዓይነት ሰማያዊ ነው እያልኩ እጨቀጭቅሻለሁ።»

«ሥራዬ ነው፣ ሲኞራ።»

«ሥራሽ ነው አልሺኝ?» ተቆጡ። «ለምን አልነገርሺኝም? ለምን ጥቁርሽን አልለበስሽም?»

«ጥቁር ያስፈራዎታል ብላኛለች፤ ልጅዎ።»

ከዘራቸው ወደቀ። «እኔን? ጥቁር? እኔ ጥቁሩን ከቢጫው መች ለየሁት! እኔ ባሌ ሲሞት ስንት ዓመት ጥቁር የለበስኩ ሰው ነኝ!»

ያን ዕለት ሐብሐቡን ቆርጬ በላን። ዘሩን ሳህን ላይ ሲተፉ እሰማለሁ። ጣፋጭ እንደሆነ ሲኞራዋ ተናገሩ፤ እኔ እንደዚያ መሰለኝ።

ልጃቸው እሑድ መጣች። ሳሎን ተቀመጡ፤ እኔ ወጥ ቤት ዝኩኒ እየከተፍኩ ነው። በሩ ክፍት ነው፤ ማንም ሊደብቀኝ አልሞከረም።

«እናቴ ጥቁር ትፈራለች ብለሽ ነገርሻት?» አሉ እናትየው።

«የምትፈሪው አንቺ አይደለሽም» አለች ልጅቷ። ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነው። «እኔ ነኝ የምፈራው።»

«አንቺ እዚህ አትኖሪም!»

«እመጣለሁ እኮ። በሩን ስትከፍትልኝ ጥቁር የለበሰች ሴት ማየት አልፈለግኩም። አባባ ሲሞት ትንሽ ልጅ ነበርኩ። አንቺ ጥቁር ለበስሽ፤ እኔ አድጌ ትምህርት እስክጨርስ አላወለቅሽውም። ባሕር ስንሄድ እንኳ፣ ሰው ሁሉ ራቁቱን ሲሆን፣ አንቺ በጥቁር ካልሲሽ ጃንጥላ ሥር ትቀመጪ ነበር። ልጆቹ 'ያቺ የማን እናት ናት?' ይላሉ። እኔ ዝም እላለሁ።»

«የሀገሬ ወግ ነው።»

«አውቃለሁ እማዬ። እፈራሽ ነበር ነው የምልሽ።»

ዝኩኒውን ጨርሼ ሽንኩርት ጀመርኩ። ቆይቶ ልጅቷ ወጥ ቤት ገባች። ብርጭቆ ውኃ ቀዳች፣ አልጠጣችውም።

«ይቅርታ አድርጊልኝ» አለችኝ። «መጠየቅ ነበረብኝ።»

«ምንም አይደል።»

«ባልሽ እንዴት ያለ ሰው ነበር?»

በዚያ ሁሉ ወራት እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። እኔም ራሴን አልጠየቅኩም። አሰብኩ። ቢላዋውን ይዤ ቆሜ አሰብኩ።

«ረጅም ነበር» አልኳት።

ጠበቀችኝ። «ሌላስ?»

«ቲማቲም አይወድም ነበር። ሮም፣ ያውም ምግብ ቤት እየሠራ፣ ቲማቲም አይበላም። ጌቶቹ ይስቁበት ነበር።»

ልጅቷ አለቀሰች። ሽንኩርቱ ነው ልበል? አይደለም፤ ትከሻዋ ሁሉ እየተንቀጠቀጠ አለቀሰች፤ ለማታውቀው ሰው ይሁን ለአባቷ አላውቅም። የወጥ ቤት ወረቀት ቀድጄ ሰጠኋት። ሌላም ቀድጄ ሰጠኋት። እሷ እስክትጨርስ ጠብቄ ሽንኩርቱን ድስት ውስጥ ጨመርኩት።

በማግስቱ ሲኞራዋ «ልበሺ» አሉኝ፤ ለበስኩ። ጥቁሩን ስለብስ ውስጤ አንድ ነገር ይከፈታል ብዬ ጠብቄ ኖሯል መሰለኝ። ምንም አልተከፈተም። ሞቀኝ ብቻ። ስለወፈርኩ ብብቴ ሥር ጠቦኛል። ባሕር ዳር ስንወርድ ፀሐይ የሚሞቀው ሰው ቀና ብሎ ያየኛል፤ በዚያ ሙቀት ከአናት እስከ እግር ጥቁር፣ ክንዴ ላይ አንዲት ባለ ነጭ ጸጉር አሮጊት። ሲኞራዋ «ያዩሻል?» ይሉኛል። «ያያሉ» እላቸዋለሁ። «ይዩ» ይላሉ፤ ክንዴን አጥብቀው ይይዛሉ። ለእሳቸው ትልቅ ነገር ነበር። ፊታቸው ላይ ያረጀ ኩራት ይታያል። እኔ ለእሳቸው ስል ቀጥ ብዬ እሄድ ነበር።

መኸሩ አለፈ። ባሕሩ ዳር ያሉት የመታጠቢያ ጎጆዎች በጣውላ ታሸጉ፣ ጃንጥላዎቹ ተሰበሰቡ፣ ነፋሱ አሸዋውን አስፋልት ላይ ያመጣው ጀመር። ሙት ዓመቱ ሲደርስ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ፍትሐት ላስደርግ አስቤ ነበር፤ ሲኞራዋን ግን ብርድ መታቸው፣ ደረታቸው ተዘጋ፤ ትቼያቸው መሄድ አልቻልኩም። ለጓደኛዬ ደውዬ ነገርኳት። ከዚያ ሐሙስ ወዲህ በስልክ እንጂ በአካል አልተገናኘንም። «ቆይ» አለችኝ። ፍትሐቱን እሷ ቆማ አስፈታች፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የነፍስ አባቴን በባቡር ይዛቸው መጣች።

አባ ሽማግሌ ናቸው፤ ጉልበታቸውን ያማቸዋል። አራተኛ ፎቅ ሊፍት መኖሩን ሲያዩ «ተመስገን» አሉ። ሳሎን ውስጥ ቆመው ጸለዩ፤ ጓደኛዬ ይዛ የመጣችውን ዳቦ ባረኩ። ሲኞራዋ በብርድ ልብስ ተጠቅልለው ወንበራቸው ላይ ሆነው አዳመጡ።

«በምን ቋንቋ ነው የጸለዩት?» ብለው ጠየቁኝ ሲያበቃ።

«በግእዝ ነው።»

«አንቺ ትሰሚዋለሽ?»

«ጥቂት ጥቂት።»

«እኛም በላቲን ነበር። ማንም አይገባውም። ሁሉም ያለቅሳል» አሉና የተባረከውን ዳቦ ቆርሰው በሉ።

ጓደኛዬ እሳቸው ጋ ቀረች፤ እኔ አባን ወደ ጣቢያው በፒኔታው በኩል ላሳልፋቸው ይዤያቸው ወጣሁ። ጥዶቹን ቀና ብለው እያዩ በቀስታ ይሄዳሉ፤ ነጠላቸው ላይ የደረቀ ቅጠል ይወርዳል። አንድ ቦታ ላይ ከቁጥቋጦው የዱር አሳማ ወጣች፤ ከኋላዋ ልጆቿ ተሰልፈው። አባ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ከርከሮ ነው?»

«አሳማ ነው አባ። እዚህ ሰፈር ነዋሪ ነው፤ አይነካም።»

«ኧረ ሰላም ይለፍ» አሉና መስቀላቸውን ከፍ አደረጉ። አሳማዋም ልጆቿን አስከትላ አለፈች።

ትንሽ ሄደን አንድ የወደቀ ግንድ ላይ አረፍን። ያኔ ነገርኳቸው። «አባ፣ እኔ አላለቀስኩም። አንድም ቀን። እወደው ነበር፤ ግን አላለቀስኩም። ምን ሆኜ ነው?»

ጉልበታቸውን እያሹ ቆዩ። «እኔ እናቴ ሲሞቱ ገዳም ነበርኩ» አሉ። «መርዶውን ምሳ ሰዓት ላይ ነገሩኝ። ምሳዬን በላሁ። ጣፈጠኝ።»

«ከዚያስ አባ?»

«ከዚያ እራት በላሁ።»

ሌላ የሚሉ መስሎኝ ጠበቅኩ። ግን ተነሡ፤ ባቡር እንዳያመልጣቸው። ጣቢያው ላይ ባረኩኝ፣ በሩ ተዘጋ፣ በመስኮቱ እጃቸውን አነሡልኝ።

በጸደይ ሲኞራዋ መታጠቢያ ቤት ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከሆስፒታል ሲወጡ ልጃቸው ወደምትኖርበት ወደ ሰሜን ወሰደቻቸው። ሻንጣቸውን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። በተሽከርካሪ ወንበር እስከ መኪናው አወረድናቸው፤ በሁለት እጃቸው ፊቴን ያዙ፣ በጣታቸው ግንባሬን፣ ቅንድቤን፣ አፍንጫዬን ዳሰሱ። «አንድ ዓመት ሙሉ ምን እንደምትመስዪ ሳላውቅ» አሉኝ። ልጅቷ አቀፈችኝ። መኪናው ሄደ። እኔ ወደ ላይ ተመልሼ ቤቱን ጠረግኩ። ቤቱ ለበጋ ዕረፍተኞች ተከራየ።

ከኦስቲያ የምሄድበት ምክንያትም የምቀርበትም አልነበረኝም፤ ስለዚህ ቀረሁ። ከባሕሩ ራቅ ያለ መንገድ ላይ ከአንዲት የፔሩ ሴት ጋር አንድ ክፍል ያዝኩ። መስኮቱ የመኪና ማቆሚያ ነው የሚያሳየው። ጠዋት ጠዋት በሁለት ቤት አጸዳለሁ፤ ከአንዱ ወደ ሌላው የምሄደው በፒኔታው ነው።

ነገሩ የሆነው በዚያ መንገድ ላይ ነው። ክላሜንቲን የሚሉት ትናንሽ መንደሪን የሞላ ከረጢት ይዤ ስሄድ አንድ ብስክሌተኛ ከኋላዬ መጣ፤ ደወል አልደወለም። መሪው ከረጢቴን ያዘው፤ ከረጢቱ ተቀደደ፤ ክላሜንቲኑ በመንገዱ ሙሉ ተንከባለለ። ሰውየው ብስክሌቱን አቁሞ «ስኩዚ ሲኞራ፣ ስኩዚ» እያለ ወረደ። ሸበቶ፣ የብስክሌት ቆብ ያደረገ፣ ፊቱ የቀላ ሰው። ያኔ ጮህኩ። በአማርኛ ነው የጮህኩት።

«አንተ! ዓይን የለህም? ሰው አታይም? ከኋላ መጥተህ እንዲህ ታደርጋለህ? እንዴት አትናገርም? አንድ ቃል! አንድ ቃል ብትናገር ምን ነበረበት? ዝም ብለህ! ዝም ብለህ መንገድ ላይ! እኔ ሥራ ላይ ሆኜ!»

ከየት እንደመጣ አላውቅም። ድምፄ በጥዶቹ መካከል ሲመለስ እሰማዋለሁ፤ አንድ ውሻ ይጮኻል፤ ሰውየው በጉልበቱ ተንበርክኮ ክላሜንቲን ይለቅማል። አላቆምኩም። ፒኜቶ ለቅሶ ቤት ያልጮህኩትን፣ ፕሪማ ፖርታ ያልጮህኩትን ሁሉ ያ ሰው ላይ ጮህኩበት። እሱ አንድም ቃል ሳይገባው ቆቡ ውስጥ ክላሜንቲኑን ሞልቶ ይዞልኝ ቆመ።

«ውኃ ልስጥሽ?» አለኝ ዝም ስል።

ከብስክሌቱ ላይ የነበረውን ኮዳ ሰጠኝ፤ ጠጣሁ። ውኃው ሞቅ ያለ፣ ፕላስቲክ ፕላስቲክ የሚል ነበር። ጣዕሙ እስካሁን አፌ ላይ አለ።

«ምን ነበር ያልሽኝ?» አለኝ።

«ለአንተ አይደለም» አልኩት።

ራሱን ነቀነቀ፤ እንደገና ይቅርታ ጠየቀ፤ ሄደ። እኔ መንገዱ ዳር ተቀምጬ ክላሜንቲን ላጥኩ፤ አሸዋ ነበረበት፣ ከነአሸዋው በላሁ። ርቦኝ ነበር። ከብዙ ጊዜ በኋላ በእውነት ርቦኝ። ሁለተኛውን ላጥኩ፣ ሦስተኛውን ላጥኩ። ሥራ አረፈድኩ። የቤቱ ሴትዮ ሰዓቷን እያሳየች ተቆጣችኝ፤ እኔም ቦርሳዬን ሳላስቀምጥ በሩ ላይ ቆሜ መልሼ ተቆጣኋት። ሁለታችንም ደነገጥን። ከዚያ ገብቼ መስኮቶቹን ከፈትኩና ወለሉን መወልወል ጀመርኩ።